ያልተደፋው ሳህን

ሰውየው የሞተው የጀልባ ማቆሚያው ላይ ነው። ነጭ ባርኔጣውን እንደደፋ፣ በልቶ ጠግቦ፣ ወደ መርከቡ ሊመለስ ሲል።

መጀመሪያ ከንፈሬ ደነዘዘ አለ። ሚስቱ በርዶህ ነው አለችው። ቀጥሎ ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት፤ የካሜራውን ማንገቻ እንኳ መጨበጥ አቃተው። ከዚያ ጉልበቱ ከዳው። እርጥቡ ጣውላ ላይ በጀርባው ወድቆ፣ ዓይኑን እንዳፈጠጠ፣ በዚያ ሁሉ ነፋስ መሐል አየር አጥቶ ሞተ። የመርከቡ ሐኪም ሲደርስ የሚታከም ሰው አልነበረም።

ስሙ ኦስቫልዶ ኡሩቲያ ነው። የደቡብ አሜሪካን ዳርቻ ከምትዞረው ትልቅ የሽርሽር መርከብ የወረደ መንገደኛ ነው። መርከቧ ያን ቀን ጠዋት ከሊንኬ መንደር ፊት ለፊት መልሕቋን ጥላ፣ ሰዎቿን በትንንሽ ጀልባ ወደ ቺሎዌ ደሴት አወረደች። የእንጨት ቤተ ክርስቲያኑን ጎብኝተው፣ የሱፍ ካልሲ ገዝተው፣ ምሳቸውን ከኤደልሚራ ጉድጓድ በልተው ሊመለሱ ነበር። ሰላማዊ ቀን፣ እንዲያውም ከስንት አንዴ ዝናብ የሌለበት ቀን።

ኤደልሚራ ባሏ የሞተባት ጎልማሳ ሴት ናት፤ በሊንኬ ከእሷ ሌላ ለእንግዳ ኩራንቶ የሚባለውን የጉድጓድ ምግብ የሚያበስል የለም። ጉድጓዱ ውስጥ በእሳት የጋሉ ድንጋዮች ይደረደራሉ፤ በላያቸው ሥጋው የሚበላ የባሕር ዛጎል፣ የአሳማ ሥጋ፣ ቋሊማና ድንች ይከመራል፤ ከዚያ ጃንጥላ የሚያክል ቅጠል ይለብሳል፤ ከዚያ አፈር። ሲከፈት እንፋሎቱ መንደሩን ይሸፍነዋል። መርከቦች ወደ ሊንኬ መምጣት የጀመሩት በዚህ ጉድጓድ ምክንያት ነው።

መርማሪ ኦቲሊያ ቺግዋይ ከካስትሮ ከተማ ስትደርስ ፍርዱ ተሰጥቶ ጠበቃት። የጤና ተቆጣጣሪው ሜሪኖ ጉድጓዱን በቢጫ ገመድ አጥሮታል። ኤደልሚራ ካቴና ገብቶላት ፖሊስ መኪና አጠገብ ቆማለች። የመርከቡ መኮንን ደግሞ ደቂቃ በደቂቃ ሰዓቱን ያያል።

«ቀይ ማዕበል ነው» አለ ሜሪኖ፣ ነገሩ ያለቀ ይመስል። «ሴትዮዋ የተመረዘ ዛጎል አብልታ ሰው ገድላለች።»

ቀይ ማዕበል ባሕሩ ራሱ ሲመርዝ ነው። ዛጎሉ አይሸትም፣ አይመርም፤ ቢቀቅሉትም መርዙ አይለቀውም። ደሴቱ ላይ ስሙን የማይፈራ የለም።

ኦቲሊያ ሬሳውን አየች፤ ከዚያ ማቆሚያው ላይ ተሰልፈው ጀልባ የሚጠብቁትን መንገደኞች አየች። ከመካከላቸው አንዱ ብስኩት ይበላል።

«እነዚህ ሁሉ ከአንድ ጉድጓድ ነው የበሉት?»

«አዎ።»

«ታዲያ ምነው አልሞቱ?»

«አንድ መጥፎ ዛጎል ይበቃል።»

«ባሕሩ ሲመርዝ ዳርቻውን በሙሉ ነው የሚመርዘው፤ እየመረጠ አይደለም። ይህን ትምህርት ቤት አላስተማሩህም?»

ሜሪኖ ተቀየማት። መኮንኑ ጣልቃ ገብቶ፣ መርከቧ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንደምትነሣ፣ ኩባንያው መንገደኞቹን ሊያጉላላ እንደማይችል፣ ጥፋተኛዋም ተይዛ ሳለ ሌላ ምን እንደሚፈለግ እንደማይገባው በትሕትና ነገራት። ትሕትናው አናደዳት። ሞቶ የተዘረጋው የእሱ መንገደኛ ነው፤ የሚያስበው ግን ስለ መልሕቁ ነው።

ያኔ ከመንደሩ በኩል ጩኸት ተሰማ። የሜሪኖ ረዳት በድምፅ ማጉያ፣ ከጉድጓዱ ምግብ የወሰደ ሁሉ አሁኑኑ ይድፋ እያለ ይለፍፋል። በሊንኬ ከጉድጓድ የተረፈ ነገር አይጣልም። የሠራው ሁሉ ድርሻውን በቅጠል ጠቅልሎ፣ ቤት ለቀሩት ይዞ ይሄዳል፤ ይህን ያልወሰደ ሰው እንደ ጠበኛ ነው የሚቆጠረው። ያን ቀን ግን ሰዉ ፈራ። በየደጃፉ ጥቅሉ እየተፈታ ወደ ባሕሩ ሲደፋ፣ ወፎቹ ከላይ እየጮኹ ወረዱበት።

ኤደልሚራ ካቴናውን ረሳችው።

«እናንተ ከሃዲዎች!» አለች። «የልጆቻችሁን ክርስትና፣ የእናቶቻችሁን ተዝካር ያበላሁት ከዚህ ጉድጓድ አይደለም? ዛሬ አንድ ጋዋን የለበሰ ሰው ስለጮኸ ለወፍ ትሰጡታላችሁ?»

ቀና ብሎ ያያት የለም። ፖሊሱ መኪናው ውስጥ አስገብቶ በመንደሩ ዋና መንገድ፣ በሰዉ ሁሉ መስኮት ሥር አሳልፎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ወሰዳት። ጥፋተኛ ከተባለች እስር ቤት ትገባለች፤ ባትገባም ጉድጓዷ አብቅቶለታል። ኦቲሊያ ይህን አውቃዋለች፤ እጇን ኪሷ ውስጥ ጨብጣ ቆመች።

መኮንኑ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። የሟቹ ሚስት ዛጎል አልቀመሰችም፤ እንባ ጠብ አላደረገችም፤ ከሰውየውም በብዙ ታንሳለች። እሱ ጣቱን መቀሰሩ አይደለም፤ እንዲያው ለመርማሪዋ ይጠቅም እንደሆነ ብሎ ነው። ሰው ለማሳጣት ጊዜ ነበረው ማለት ነው።

ሂሜና፣ የሟቹ ሚስት፣ የማቆሚያው አግዳሚ ወንበር ላይ የባሏን ባርኔጣ ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር።

«ዛጎል ለምን አልበሉም?» አለቻት ኦቲሊያ።

«ፊቴን ያሳብጠኛል። የመርከቡን ሐኪም ጠይቂው፣ ባለፈው ሳምንት ልሞት ነበር።»

ሐኪሙ ራሱን ነቅንቆ አረጋገጠ።

«አላለቀሱም።»

«አንቺ እንድታምኚኝ ላልቅስ?» ሴትየዋ ባርኔጣውን አገላበጠችው። «ተናድጄበታለሁ። አንውረድ ብዬው ነበር። እሱ ግን ድሮ እዚህ የሳልመን ዓሣ እርባታ ሥራ አስኪያጅ ነበርኩ፣ ሰዉ ይወደኛል እያለ፣ ከሳምንት በፊት መምጣቱን በሬዲዮ ሳይቀር አስነገረ።»

የደሴቶቹ ሬዲዮ እንዲህ ነው። ልጅ ሲወለድ፣ ላም ስትጠፋ፣ ሰው ሲሞት፣ እንግዳ ሲመጣ መልእክቱ ይነበባል፤ የማይሰማ ቤት የለም። ስለዚህ ኡሩቲያ በዚያ ቀን በኤደልሚራ ጉድጓድ ምሳ እንደሚበላ ሊንኬ በሙሉ ያውቅ ነበር።

«ወደዱት?»

«ሰላም ያለው እንኳ የለም። ምግብ ያቀረበችው ሴት ብቻ ትላልቅ ዛጎሎች አምጥታ፣ ለእርስዎ ተመርጦ ነው አለችው። ደስታውን ብታዪው። ግማሹን በላ፤ የቀረውን ሴትየዋ በቅጠል ጠቅልላ ወሰደችው።»

ኦቲሊያ ከመቀመጫዋ ተነሣች። እየሄደች አይደለም፣ እየሮጠች ነው አዳራሹ የደረሰችው።

ኤደልሚራ የሻማ መደርደሪያው አጠገብ ተቀምጣ ነበር። ተቆጥታ ፊቷ ቀልቷል።

«እትዬ ኤደልሚራ፣ ሟቹ ያስተረፈው የት ነው?»

«የት ይሆናል? ልጄ ቤት ልኬዋለሁ።»

«ተበልቷል?»

«ኢሶሊና ከምታስተምርበት ስትመለስ ትበላዋለች። ምን ያስደነግጥሻል? ጉድጓዴ ንጹሕ ነው አልኩ እኮ።»

ኦቲሊያ ስልክ ደወለች። አይነሣም። ፖሊሱን በመኪና ወደ ኮረብታው ላከችው። እስኪመለስ አዳራሹ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስትል፣ ኤደልሚራ ቁጭ ብላ እያየቻት፣ ቀስ በቀስ ንዴቱ ከፊቷ ጠፍቶ ሌላ ነገር መጣበት። አንዲት ልጅ ናት ያለቻት።

ፖሊሱ ጥቅሉን ይዞ መጣ። አልተፈታም። ኢሶሊና አውቶቡስ አምልጧት ገና እቤቷ አልገባችም ነበር።

ኤደልሚራ አማተበች። ኦቲሊያ ቅጠሉን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። ውስጡ ያሉት ዛጎሎች መዳፍ ያክላሉ፤ ቡናማ ናቸው፤ ጀርባቸው የተሸበሸበ ነው። የሊንኬ ዳርቻ ዛጎል ደግሞ ትንሽና ጥቁር ነው፤ በየጓሮው የተጣለው የቅርፊት ክምር ሁሉ እሱ ነው። እንዲህ ያለው ትልቁ ዘር በዚያ አካባቢ የሚገኘው በስተደቡብ ባለው ጠባብ ሰርጥ፣ ከጥልቅ ውኃ ብቻ ነው። ሰርጡ በቀይ ማዕበል ምክንያት ከበጋው መግቢያ ጀምሮ ተዘግቷል።

«ይህን ማን አመጣው?»

ኤደልሚራ ዛጎሎቹን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። የሆነ ነገር ሲገባት ታየ።

«እኔ ነኝ።»

«በየትኛው ጀልባ?»

ኤደልሚራ ዛጎሎቹን መልሳ በቅጠሉ ሸፈነች።

«እንዲህ ያለው ካልጠለቁ አይገኝም። እርስዎ ዋና ይችላሉ?»

ሴትየዋ ፊቷን ወደ ሻማዎቹ አዞረች።

«ልጅዎን ሊገድልብዎ የነበረውን ሰው ነው የሚሸሽጉት።»

ሴትየዋ «እኔ ነኝ» ብላ ደገመች። ኦቲሊያ በንዴት ጠረጴዛውን መታችው። ሜሪኖ ያለ ጥፋቷ አስሯታል፤ አሁን ደግሞ ራሷ በራሷ ላይ በሩን እየቆለፈች ነው። በደሴቱ ሰው እንዲህ አፉን የሚዘጋው ለማንም አይደለም። ለሥጋ ዘመዱ ወይም ሥጋ ላደረገው ሰው ነው።

ጉድጓዱን የሞሉት ሦስት ወንዶች እንደሆኑ ፖሊሱ ነገራት። ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው፤ ሦስተኛው ሴፌሪኖ የሚባል ሽማግሌ ነው። ሦስቱም ጀልባ አላቸው፤ ሦስቱም ጠላቂዎች ናቸው።

ወንድማማቾቹ ቤት ስትደርስ ታላቁ አጥሩን ተደግፎ ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከትቶ ለማስመለስ ይታገላል። ታናሹ የቤተሰቡን ጥቅል ሁሉ ደፍቶ፣ ድስቱን ሳይቀር ባሕር ወርውሮ፣ እናቱ ስለ ድስቷ ትረግመዋለች። እጁን ዘርግቶ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ እንድታይለት ኦቲሊያን ለመናት። ይንቀጠቀጣል፤ ግን ከፍርሃት ነው። እንዲህ የፈሩ ሰዎች መርዙ የት እንዳለ አያውቁም። ኦቲሊያ ትታቸው ሄደች።

የሴፌሪኖ ቤት በውኃው ላይ በግንድ ቋሚዎች የቆመ ነው፤ መስኮቱ ወደ ዋናው መንገድ ያያል። በሩ ክፍት ነበር። ሽማግሌው ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ይበላል። ሳህኑ ላይ ትንንሽ ጥቁር ዛጎል፣ አንድ ቁራሽ ቋሊማ፣ የድንች ቂጣ።

ኦቲሊያ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

«ጋሽ ሴፌሪኖ፣ የተለፈፈውን አልሰሙም?»

«ሰምቻለሁ።»

«ጉድጓዱ ተመርዟል ነው የሚሉት።»

«ይሉ።» ዛጎሉን በጣቱ ፈልቅቆ ጎረሰ። «የአበልጄ ሙያ ነው። ይደፋል እንዴ?»

አበልጄ። ኤደልሚራ አፏን የዘጋችለት ሰው ማን እንደሆነ ኦቲሊያ አወቀች። ግን ማወቅና ማስረዳት አንድ አይደለም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ይህ ሰው ዕድሜውን በሙሉ ባሕር ውስጥ የኖረ ነው፤ ቀይ ማዕበልን ከሜሪኖ ይልቅ ይፈራዋል። ታዲያ ምን አረጋጋው?

«የኢሶሊና የክርስትና አባት እርስዎ ነዎት ማለት ነው።»

«ነኝ። ምን የመሰለች ልጅ ናት።»

«ሟቹ ያስተረፈውን ዛጎል እናቷ በቅጠል ጠቅልላ ለእሷ ነው የላከችላት።»

እጁ አየር ላይ ቆመ።

«ለማን?»

«ለኢሶሊና።»

ሳህኑን ከጭኑ ላይ ወደ ጠረጴዛው ገፋው። ተነሣ፤ ወንበሩ ወደቀ።

«በላችው?»

ኦቲሊያ የወደቀውን ወንበር አነሣች።

«አንቺ ሴትዮ፣ ልጅቷ በልታዋለች ወይ ነው የምልሽ!» ጫማውን ሳያጠልቅ ወደ በሩ እየተንደረደረ ነበር።

«አልበላችም። ጥቅሉ እኔ ጋ ነው። ይቀመጡ።»

ሽማግሌው መቃኑን ይዞ ቆመ። ትንፋሹ እስኪመለስ ጠበቀችው።

«እዚህ ያለው ሳህንዎ ከዚያው ጉድጓድ ነው የወጣው» አለችው። «እሱን ዘና ብለው ይበላሉ። የእሷን ሲሰሙ በባዶ እግርዎ ሊሮጡ ሆነ። የተመረዘው የትኛው እንደሆነ ከየት አወቁ?»

ሴፌሪኖ ተመልሶ ተቀመጠ። ለመካድ እንኳ አልሞከረም።

ነገሩን የተናገረው ወደ ምድጃው እያየ ነው። ልጁ ኔልሶን ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ለዓሣ እርባታው ጠላቂ ነበር። ውኃ ውስጥ የሚተነፍስበት የአየር መጭመቂያ መበላሸቱን ሁለት ጊዜ አመልክቷል። ኡሩቲያ ወይ ትጠልቃለህ ወይ ሥራህን ትለቃለህ አለው። ልጁ ጠለቀ፤ የወጣው በገመድ ተጎትቶ ነው። ምርመራ ሲመጣ ሥራ አስኪያጁ ጠጥቶ ነው የጠለቀው ብሎ መሰከረ። ኔልሶን በሕይወቱ መጠጥ ቀምሶ አያውቅም። ፋይሉ ተዘጋ። ሥራ አስኪያጁ ዕድገት አግኝቶ ወደ ዋና ከተማው ሄደ።

«ይቅርታ ሊል ቢመጣ» አለ ሴፌሪኖ፣ «እግዜር ያውቃል፣ እጁን እጨብጠው ነበር። ለመብላት መጣ። በሬዲዮ አስነግሮ፣ ለድሮ ወዳጆቼ ሰላምታ ብሎ። የልጄ እናት ሬዲዮውን ሰምታ ሦስት ቀን ከአልጋዋ አልወረደችም፤ እህቷ ጋ ነው ያለችው። እኔም ወደ ሰርጡ ወረድኩ።»

ዛጎሎቹን በከረጢት አድርጎ ከቤቱ ሥር ባሕሩ ውስጥ አቆያቸው። በዕለቱ ለብቻ በቅጠል ከልሎ ከጉድጓዱ አንድ ጥግ አኖራቸው። ኤደልሚራን፣ ይህ ለእንግዳው የተመረጠ ነው፣ ለእሱ ብቻ ስጭልኝ አላት። አበልጇ ስለሆነ ለምን ብላ አልጠየቀችም። ሰውየው ሆዳም ነበር፤ ያስተርፋል ብሎ አላሰበም። ቢያስተርፍም የመንገደኛን ትርፍ ማን ይወስዳል ብሎ ነበር። በሊንኬ ተወልዶ፣ በሊንኬ አርጅቶ፣ ኤደልሚራ ምግብ እንደማትጥል ረሳ።

ኦቲሊያ ስለ ኔልሶን ሰምታ ደሟ ፈልቶ ነበር። ሟቹ በሕይወት ቢኖር ራሷ ካቴና ታስገባለት ነበር። ግን ንዴቷ እዚያ ላይ አልቆመም።

«አበልጅዎንስ?»

«መርከቧ ስትሄድ ልናገር ነበር።»

«ታስራ በዚህ መስኮት ሥር ስታልፍ አይተዋታል?»

«አይቻታለሁ።»

«ከዚያስ ምን አደረጉ?»

ሽማግሌው ሳህኑን አየ።

«በላሁ» አለ።

«ያ ሰው የራሱን ጥፋት በሞተ ልጅዎ ላይ ላከከ» አለችው። «እርስዎ ደግሞ በቁሟ ባለች ሴት ላይ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የጠሉትን ሰው ሥራ ነው የሠሩት።»

መርከቧ በሰዓቷ ጡሩምባዋን ነፋች። መኮንኑ ስለ ውጤቱ ለመጠየቅ እንኳ አልመጣም። ሂሜና ከሬሳው ጋር ቀረች። ሜሪኖ ቢጫ ገመዱን እየጠቀለለ፣ ጥንቃቄ ግን አይከፋም አለ፤ ይቅርታ አልጠየቀም። ኤደልሚራ ካቴናው ሲፈታላት ሁሉም ተነገራት። ወደ ቤቷም ወደ ጉድጓዷም አልሄደችም። በቀጥታ ወደ ሴፌሪኖ ቤት መጣች።

እጁ ታስሮ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ አገኘችው። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመዋል። ኦቲሊያ እንዲያሳልፏት በዓይኗ ነገረቻቸው።

«አበልጄ» አለ ሽማግሌው።

«ኔልሶንን አጥቤ የገነዝኩት እኔ ነኝ» አለችው። «አንተ መቆም አቅቶህ እኔ ነኝ። ግደይልኝ ብትለኝ ምን እንደምል አላውቅም። ግን ልትነግረኝ ይገባ ነበር። በእኔ እጅ አደረግከው። ተመርጦልዎ ነው እያልኩ፣ እየሳቅኩ ሰጠሁት። ያንኑ በገዛ እጄ ጠቅልዬ ለልጄ ላክሁ።»

«አላወቅኩም። በኢሶሊና እምላለሁ፣ ያንን አላወቅኩም።»

«በእሷ አትማል።»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሳህን አየች። ዛጎል፣ ቋሊማ፣ የድንች ቂጣ። መንደሩ ሁሉ ሲደፋ ያልተደፋ የጉድጓዷ ምግብ እሱ ብቻ ነበር። በሁለት እጇ አነሣችው። ሴፌሪኖ ምን ልታደርግ እንደሆነ ገባው፤ ተይ የሚል ይመስል ራሱን ነቀነቀ።

ወደ ደጁ ወጣች። ከጣውላው ጫፍ ላይ ሆና ሳህኑን ገለበጠችው። ወፎቹ መጡ። ጎረቤቶቹ በየመስኮታቸው ቆመው አዩ፤ ኤደልሚራ ምግብ ስትደፋ በሊንኬ ያየ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

ባዶውን ሳህን በሩ ላይ አስቀምጣ ልጇን ለመቀበል ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄደች።